ላንጋኖ ላይ የቀዘፍኩ ዕለት

ውዷ ባለቤቴ አስቱዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሞላ። ሁለተኛ ሙት ዓመትሽን ባለፈው ወር አወጣንልሽ። ካህናቱ ጸልየው፣ ጎረቤቱም ቀምሶ ሲበተን ቤቱ እንደገና ዝም አለ። ያን ጊዜም ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ የምነግርሽ ነገር ግን አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የደጃችን መንገድ ሰፍቶ አጥራችን ወደ ውስጥ ገብቷል። ጽጌረዳሽን ከመቆረጧ በፊት ነቅዬ ጓሮ ተከልኳት፤ ጠውልጋ ሰነበተችና ኋላ ያዘች። የናዝሬት ነፋስ ያው ነው፤ አቧራውን በመስኮት ያስገባል፣ እኔም እንደ አንቺ ቶሎ ቶሎ አልጠርግም።

የራሴን ደግሞ አልደብቅሽም። ካንቺ በኋላ ሰው መሆን አቃተኝ። እድር መሄድ ተውኩ። የድሮ ጓደኞቼ፣ ሾፌሮቹ፣ በር ሲያንኳኩ የሌለሁ መስዬ ዝም እላለሁ። ልጃችን ቃልኪዳን ከአዲስ አበባ በመጣች ቁጥር ማቀዝቀዣውን ትከፍትና ያልተነካውን ወጥ አይታ ትዘጋዋለች።

ከሙት ዓመትሽ በኋላ አንድ ቅዳሜ መጥታ ልብስህን ያዝ አለችኝ። ወዴት ስላት ላንጋኖ አለች።

ከእድሩ ሰዎች ጋር ላንጋኖ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንቺ የባቱ ልጅ፣ ሐይቅ ዳር ያደግሽ፣ ከሁሉም ቀድመሽ ውሃው ውስጥ ገባሽ። እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጬ የሰው ጫማ ስጠብቅ ዋልኩ። ያን ሁሉ ዘመን ከጅቡቲ ወደብ ጭኜ ስመላለስ ባሕሩ ውስጥ እግሬን እንኳ እንዳልነከርኩ ለሰው ሁሉ እየተናገርሽ ትስቂብኝ ነበር።

በሞጆ ዞረን፣ መቂን አልፈን ባቱ ስንደርስ ቃልኪዳን ፍጥነቷን ቀነሰች። ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መታጠፊያ ሁለታችንም አየነው፤ ሁለታችንም ዝም አልን። እንዲህ ነበር የኖርነው፣ ስምሽን እየፈራን።

ላንጋኖ እንደ ድሮው ነው፤ ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። ወጣቶቹ ጄት ስኪ ላይ ተቀምጠው እንደ ሞተር ብስክሌት ያስጓሩታል፤ ሌሎቹ ጀልባ የሚጎትተው ጎማ ላይ ተኝተው ይጮኻሉ። ቃልኪዳን ካያክ የሚሏትን ቀጭን፣ ለሁለት ሰው የምትሆን፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ ጀልባ መረጠች። አልገባም ብዬ ነበር። ከዚያ ፊቷን አየሁት። ደክሟታል፣ አስቱዬ። ልጃችን በእኔ ደክማለች። እሺ አልኳት።

አሰልጣኙ ነጌሶ የሚባል የዚያው አካባቢ ሰው ነው። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ደረቴ ላይ አጥብቆ አሰረልኝ፤ መቅዘፊያውን እንዴት እንደምይዝ አሳየኝ። ከጀልባዋ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ አየና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሂን ሶዳቲና» አለኝ፤ በኦሮምኛ አይፍሩ ማለቱ ነው። አንቺም ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሕክምና ክፍሉ ሲያስገቡሽ በዚሁ ቋንቋ ያልሽኝ ይህንኑ ነበር።

መጀመሪያ ደህና ሄድን። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ግን ደረሰብን። ማዕበሉ ጎናችንን ሲመታን እኔ ደንግጬ ወደ አንድ ወገን አጋደልኩ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች።

ውሃው ጆሮዬን ደፈነው። ጃኬቱ ወዲያው ወደ ላይ አወጣኝ። ጀልባዋ አጠገቤ ነበረች፤ እጄን ብዘረጋ እይዛታለሁ። አልዘረጋሁም። እውነቱን ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ጸጥታው ጣፈጠኝ። ወደ አንቺ የሚወስደው መንገድ ይህ ከሆነ ቀላል ነው ብዬ አሰብኩ። ማዕበሉ ከጀልባዋ ትንሽ ትንሽ እያራቀ ወሰደኝ፤ እኔም ተውኩት።

ከዚያ ቃልኪዳን ስትዋኝ አየኋት። አንቺ ያስተማርሻት ዋና ነው፤ ለመተንፈስ ፊቷን በግራ በኩል ብቻ ታወጣለች። አንቺ የመጣሽ መሰለኝ። ስትቀርበኝ ግን ፊቷ ያንቺ አልነበረም፤ የፈራች የልጄ ፊት ነበር። ጃኬቴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ነጌሶ በሞተር ጀልባ ደርሶ ሁለታችንንም አወጣን።

ዳር ላይ ፎጣ ለብሰን ተቀመጥን። ኋላ ወደ ውሃው እያየች ጠየቀችኝ።

«ጀልባዋ አጠገብህ ነበረች። ለምን አልያዝካትም?»

ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ሳብኩ። እሷም ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ቀጠለች።

«እማዬን ቀብሬአለሁ፣ አባ። አንተን በቁምህ መቅበር ግን አልችልም።»

በቀብርሽ ዕለት ሰው እያየኝ ያላለቀስኩት ለቅሶ ያኔ መጣ። ልጄ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ይዛ እንደ ሕፃን አባበለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ገና አልተነሳም ነበር። ነጌሶን ራሴ ፈልጌ አገኘሁትና ደግሜ ልሞክር አልኩት። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ቀዘፍን። ከዳር ራቅ ስንል መቅዘፊያውን ጭናችን ላይ አስቀመጥንና ጀልባዋን ለውሃው ተውናት። እዚያ ስምሽን አነሳን። ሆዷን ከታች በመዳፍሽ ደግፈሽ ዋና እንዴት እንዳስተማርሻት፣ ሳትነግሪያትም እጅሽን እንዴት እንደወሰድሽ አወራችልኝ። እኔ ደግሞ መቂ ላይ የመኪናዬ ራዲያተር ፈልቶ ሰው ውሃ ስጠይቅ ጄሪካን ይዘሽልኝ እንደመጣሽ ነገርኳት። የተዋወቅነው እንደዚያ መሆኑን አታውቅም ነበር። እየሳቀች አለቀሰች።

አሁን እበላለሁ። እድርም ተመልሻለሁ፤ ሰዎቹ የት ጠፋህ ሳይሉ ወንበር ሳቡልኝ። ሐዘኑ አላለቀም፣ ይለቅልኝም አልልም። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሳ እጄ አሁንም ወደ አንቺ በኩል ይሄዳል።

እየኖርኩም አልረሳሽም። ቃልኪዳን ስለ አንቺ የማታውቀው ብዙ አለ፤ እኔ ካልነገርኳት ማን ይነግራታል? በመጣች ቁጥር አንድ አንድ እያልኩ እነግራታለሁ። ለዚህ ደግሞ ዕድሜ ያስፈልገኛል። ስለዚህ ቦታዬን ያዢልኝ፣ አስቱዬ፤ ቸኩዬ ግን አልመጣም።

ያንቺው ግርማ