ዘግታ ጠፋች አሉ

የካቲት 8፣ ማክሰኞ ጠዋት
ስፌት ላይ ነኝ። ቀሚሱ ለዛሬ ተብሎ ነበር፤ አልደረሰም። ማስታወሻዬ፣ ፎቶዬ ወጣ። እህቴ ሠርግ ላይ፣ ሴቶች ብቻ በነበርንበት ክፍል፣ ሂጃቤን አውልቄ ስስቅ። አካውንቴ ላይ ስለጥፈው ለጓደኞቼ ብቻ ብዬ ነበር። አሁን "ባንዳ ይጋለጥ" የሚባል ገጽ ላይ ነው። ሐይቅ ከተማ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ ለታጣቂዎቹ ታበስል የነበረች፣ ይላል ከሥሩ። እኔ! ያኔ እናቴን ይዤ ገጠር፣ አጎቴ ቤት ነበርኩ።

የካቲት 9፣ ረቡዕ
ፎቶው እንዲወርድልኝ ለመተግበሪያው ኩባንያ አመለከትኩ። መልሱ ቶሎ መጣ፦ ደንባችንን አይጥስም። ማን ነው ያየው? ሰው ይሁን ማሽን እንጃ። አማርኛስ ያነባል? ገበያ ብወጣ ሴቶቹ ወሬ አቋረጡ። የሽንኩርት ደንበኛዬ ሰላምታዬን አልመለሰችም።

የካቲት 11፣ ጁምዓ
ጎረቤቴ ሉባባ መጣች፤ ባሏ ጅዳ ነው። ውጫሌ ከተማ ልብስ የምትነግደው ጓደኛችን ትርሲትም መጣች።
"አብሽሪ" አለች ሉባባ፣ "ሁላችንም አካውንታችንን እንዝጋው። እኛ ከሌለን ወላሂ ምን ይሠራሉ?"
የሰፈሩ ሴቶችም እሺ አሉ። ከሶላት በኋላ አንድ ላይ ዘጋን። ደስ አለኝ። ዛሬ እህል ቀመስኩ።

የካቲት 15፣ ማክሰኞ
ትርሲት አካውንቷን ከፍታ ተመልሳለች። ደንበኞቿ ልብሱን የሚያዩት እዚያ ነው። ምን ትብላ? አልፈርድባትም። ኧረ እፈርዳለሁ።
ሉባባም ከፈተች። ባሏ የሚደውለው በሱ ነው፤ ሕፃኗ አባቷን ስታይ ስክሪኑን ትስማለች። አፍራ ነገረችኝ። ምን ልበላት? ሌሎቹማ ሳይነግሩኝ ነው የገቡት። ኩባንያው መውጣታችንንም መመለሳችንንም አላወቀ። በጦርነቱ ኔትወርክ ጠፍቶ ከርመን እንኳ ማን ፈለገን?

የካቲት 16፣ ረቡዕ
የባሰው መጣ። በሉባባ ስልክ አየሁት። ከፎቶዬ ሥር አዲስ አስተያየት ሞልቷል፦ ዘግታ ጠፋች፤ ንጹሕ ብትሆን ለምን ትሸሻለች? መዝጋቴ ማስረጃ ሆነብኝ። በስሜ ሌላ አካውንት ተከፍቷል። "እኔ" እዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አብስያለሁ እያልኩ። ሉባባ ስልኩን ነጠቀችኝ። አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬ ቆመ፤ ንዴት ብቻ ቀረ።

የካቲት 18፣ ጁምዓ ከሰዓት
ትርሲት ደወለች። የገጹ ባለቤት ውጫሌ ነው፤ ከሷ ሱቅ ማዶ ስልክ ይጠግናል። ራሱ ሲኩራራ ሰምታዋለች። አላውቀውም፤ አያውቀኝም። ፎቶውን ከየት እንዳገኘው እንኳ አያስታውስም አሉ። ተይው፣ ይብስብሻል አለችኝ። እናቴም እንደዚያው።
አልተውም። ነገ በመጀመሪያው መኪና ውጫሌ እወርዳለሁ። ፖሊስ ጋ አይደለም። እናቱ ቤት። ትርሲት ቤቱን ታሳየኛለች። ሂጃቤን አስሬ፣ ፊቴን ገልጬ እቀመጣለሁ። እማማ፣ ልጅዎ ባንዳ ያላት ሴት እኔ ነኝ፤ በደንብ ይዩኝ፣ እላታለሁ። እሱ መጥቶ ዓይኔን እስኪያይ አልነሳም።
ሉባባ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላለች። ብትቀርም ብቻዬን እሄዳለሁ።