በሱዬ ድንጋይ ራስ ላይ

ታይናን፣ በጨረቃ አቆጣጠር በሁለተኛው ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ ለዩሊያን፤ ላይያንግ

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ዓመቱን ሳልጽፍ የተውኩት ረስቼው አይደለም። የእኛ መንግሥት የዓመት አቆጣጠር በእናንተ መንግሥት ዘንድ ችግር እንዳያመጣብሽ ልጅሽ አስጠንቅቆኛል፤ በእናንተ አቆጣጠር ለመጻፍ ደግሞ እጄ እንቢ አለኝ። ስለዚህ ሁለታችንም የምናያትን ጨረቃ መረጥኩ።

የላክሽልኝ የደረቀ የፒር ፍሬ ደርሶኝ እየቀቀልኩ ጠጥቼዋለሁ፤ ሳሌን አስታግሶልኛል። ደብዳቤሽም ደርሶኛል። በየደብዳቤዬ ግርጌ «የላይያንጉ ሉዋን ሻኦቺን» ብዬ መፈረሜን ለጎረቤቶችሽ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላቸው ጽፈሻል። ቀጥለሽም «ጋሼ፣ በባለቤትህ በሱዬ የመቃብር ድንጋይ ራስ ላይ የአገራችንን ስም ላይያንግ ብለህ ጻፍ። ሰባ ዓመት የጠበቅኩት በአሥራ አራት ዓመቱ ከጦርነቱ ሸሽቶ መርከብ የተሳፈረውን ወንድሜን እንጂ የታይናን ሽማግሌ አይደለም» ብለሻል። ይህን ቃል በቃሌ እስክይዘው ድረስ ደጋግሜ አነበብኩት።

ሱዬ ካረፈች እነሆ አምስት ወር ሞላት። መቃብር ከሚጠረግበት በዓል በፊት ድንጋይዋ መቆም አለበት። በልማዳችን መሠረት ድንጋዩ የሁለታችን ነው፤ የእሷ ስም በጥቁር፣ የእኔ ገና በሕይወት ስላለሁ በቀይ ይቀለማል፤ ስሞት ቀዩ ጠፍቶ በጥቁር ይተካል። በጎኑ ድንጋዩን ያቆመው ልጅ ስም፣ በድንጋዩ ራስ ላይ ደግሞ የባልየው የአባቶች አገር ይጻፋል። ፊደሉን በብሩሽ የምጽፈው እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሙታን ስጽፍ የኖርኩ ሰው ለራሴ የአገሬን ስም ሁለት የቻይና ፊደል መጻፍ አቃተኝ።

ባለፈው እሑድ ረቂቁን ለልጄ ለፔይሩ አሳየኋት።

«ላይያንግ?» አለችኝ። «አባዬ፣ እማዬ ላይያንግን ያየቻት አሥር ቀን ነው። እሱንም ስታስል ነው የከረመችው።»

«የሚጻፈው የባል አገር ነው። ልማድ ነው።»

«የተወለደችው ከዚህ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ከሞተች በኋላ ስደተኛ ልታደርጋት ነው?»

«እኛ ቻይናውያን ነን፣ ፔይሩ።»

«አንተ ነህ። እኔ ታይዋናዊት ነኝ፣ እማዬም እንደዚያው። ዝም ስላለችህ የተስማማች መሰለህ እንዴ?»

ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ላይያንግ ካልክ ስሜን አታስገባ። ልጅ አልነበራቸውም በላቸው።»

እህቴ ሆይ፣ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም።

ስለ ዝምታው የተናገረችው እውነት ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በክፍል ውስጥ የዚህን የታይዋንን አገሬ ቋንቋ በተናገረ ተማሪ አንገት ላይ ለቅጣት ጽሑፍ ያለበት የእንጨት ሰሌዳ አንጠለጥል ነበር። ትእዛዝ ነበር፤ እኔም አምኜበት ነበር። ሱዬ በአጠገቤ ባለው ክፍል ታስተምር ነበር። ከተጋባን ወዲህ ያንን የአፍ መፍቻ ቋንቋዋን በእኔ ፊት አንድም ቀን አልተናገረችውም። በመጨረሻው ሳምንቷ ግን የእኔ ቋንቋ ጠፋባት። እጄን ይዛ ብዙ ነገር ነገረችኝ፤ አንዱም አልገባኝም። ቋንቋውን ከአያቷ የተማረችውን ፔይሩን «ምን አለችኝ?» ብላት፣ «ውሃ ነው የጠየቀችው» አለችኝ። ለውሃ ያን ያህል አይወራም።

አንቺም አትርሺ፤ ከተለያየን ከአርባ ዓመት በኋላ መንደራችን ስገባ ጎረቤቶቻችን «የታይዋኑ ሰውዬ መጣ» ሲሉ ሰምተሽ ተቆጥተሽልኝ ነበር። እዚህ ደግሞ ዓሣ ሻጯ ሴትዮ እስከ ዛሬ «ከባሕር ማዶ ለመጡት ሽማግሌ ትኩሱን ስጧቸው» ትላለች። ክፋት የላትም፤ ሁልጊዜም ትኩሱን ነው የምታሰጠኝ።

ትናንት ጠዋት ድንጋይ ጠራቢው ሊያኦ መጣ። ሰሌዳ ካንጠለጠልኩባቸው ተማሪዎች አንዱ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ ሌላው ሁሉ ተጽፏል፣ የድንጋዩ ራስ ግን ባዶ ነው።

«መምህር፣ ያኔ አንገቴ ላይ የሰቀሉት እንጨት ይሻል ነበር» አለኝ እየሳቀ። «እሱ እንኳ የተጻፈበት ነበር።»

«ሌላውን ቅረጽ። ራሱን ለጊዜው ተወው።»

«ልተወው እችላለሁ። በኋላስ ማን ይሞላዋል?»

«እኔ ነኛ።»

ሳቁን አቆመ። «እርስዎ አይደሉም፣ መምህር። ከስምዎ ላይ ቀዩን የሚያጠፋው ሰው ነው የሚሞላው።»

ሻይ ቀዳሁለት።

ከሰዓት በኋላ ለፔይሩ ደውዬ የድንጋዩን ራስ ባዶ መተዌን ነገርኳት። «እንግዲያው ስሜን አስገባው» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀይ ቀለም የሚጠፋበት ቀን ሲመጣ በአጠገቤ የሚገኘውና ባዶውን የሚሞላው ማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ እሱን አልጽፍልሽም።

ከእንግዲህ እዚያ መድረስ አልችልም። ፒሮቹ ሲያብቡ ከአባታችን መቃብር ላይ ሣሩን ስትነቅዪ የእኔንም ድርሻ ንቀዪልኝ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ዓይንሽን አያፍዝዘው፤ ይህንንም ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ እስከ ግርጌው ድረስ አንብቢው። ለጎረቤት ባታነቢው ግን አልቀየምሽም።

ወንድምሽ
ሻኦቺን