ከቁጥር አንድዎ ለተረፈው ምስጋና

እሑድ፣ ጁን 9። የጠዋቱ ቆጠራ፦ ዴቨኒ 2340፣ የወንድማቸው ልጅ ኮርማክ 940፣ እኔ 690። ለማለፍ የሚያስፈልገው 1500።

ለክቡር አቶ ማላኪ ዴቨኒ፣
ለሃያ ስድስት ዓመት የባሊኖራ ምክር ቤት አባል

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሳምንቱን ሙሉ ሳያባራ በጣለው የአየርላንድ ዝናብ ጉንፋን እንዳልያዘዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ በእርግጥ ለቅስቀሳ ከቤትዎ ስላልወጡ የሚይዝዎት ምክንያት አይታየኝም። እኔ በዋናው መንገድ ላይ ሚስማርና ቀለም የምሸጠው ፊንታን ሎክናን ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሱቄ መስኮት ላይ የምለጥፈው፣ ለእርስዎ የሚገባው ምስጋና በፖስታ ታሽጎ እንዳይቀር ብዬ ነው።

1. ስለ ድልድዩ አመሰግናለሁ። የእግረኛውን ድልድይ “ለሁለት ሳምንት ጥገና” ብለው በሰንሰለት ካስቆለፉት አራት ዓመት ሞላው። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ሰዎች ከተማውን በመስኮታቸው እያዩ፣ እዚህ ለመድረስ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይዞራሉ።

2. ባለፈው መኸር በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ስለዚሁ ድልድይ ስጠይቅዎ ለለገሱኝ ምክር አመሰግናለሁ። “ፊንታን፣ አንተ ሚስማርህን ሽጥ፤ ይሄን ለሚያውቁት ተውላቸው” አሉኝ፤ አዳራሹም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ቃልዎን እንዳለ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁት፤ ከሥሩም “በግል መወዳደር” ብዬ ጨመርሁበት።

3. ይህኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ስድስት መቶ አሥራ አራት በሮች አንኳኳሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የጀማሪ ስሕተት ሠራሁ፤ ሰውን ለማሳመን ሞከርሁ። ያልተስማማኝ ሰው አልነበረም። እርስዎ ለአካባቢው አንዳች እንዳልሠሩ ሻይ እየቀዱልኝ ከእኔ በላይ ዘርዝረው ይነግሩኝና፣ በር ድረስ ሲሸኙኝ እርስዎን እንደሚመርጡ ያረዱኛል።

ከእነዚህም አንዷ ወይዘሮ ዴልያ ስካሊ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ባላቸው በወዲህኛው ዳር ባለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብረዋል፤ እርሳቸው በወዲያኛው ዳር ከወጥ ቤታቸው መስኮት ሆነው መቃብሩን ያያሉ፤ መኪና ያለው ሰው ካልወሰዳቸው ግን አይደርሱበትም። ግድግዳቸው ላይ ከኢየሱስ ሥዕል ጎን የእርስዎ አባት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

“ድልድዩን ማን እንደዘጋው ጠፍቶኝ አይደለም፣ ልጄ” አሉኝ። “ግን በዚህ ቤት ቁጥር አንድ የዴቨኒ ነው። አባቴ ለአባቱ ሰጠ፣ እኔም ለልጁ። ባሌ ተነሥቶ ሌላ ስጽፍ ቢያገኘኝ ምን ይለኛል?”

ኮቴን መቆለፍ ስጀምር ግን አሳዘንኋቸው መሰለኝ። “ቁጥር ሁለትን ውሰዳት” አሉኝ። “ስለ እሷ አባቴም ምንም አላለኝ።”

ድምፅ ስንሰጥ በስሞቹ ጎን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን እንደምንጽፍ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ያገኘ ተወዳዳሪም ትርፉ በየወረቀቱ ቁጥር ሁለት ለተባሉት እንደሚከፋፈል ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። በማግሥቱ ስድስት መቶ አሥራ አራቱንም በሮች እንደገና አንኳኳሁ። በዚህኛው ዙር ስለ ድልድዩ ትንፍሽ አላልሁም። “አደራ፣ አንዱን ለዴቨኒ ስጡ፤ ከቤታችሁ አንድ ሰው እንዳይቀር። እኔን ሁለት ካላችሁኝ ይበቃኛል” አልሁ። ሰዉ ምን ያህል እፎይ እንዳለ ቢያዩ ኖሮ! ሥጋ ሻጩ ቶርሎክ ብቻ ቢላዋውን አስቀምጦ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ማላኪ እንኳ ለራሱ እንዲህ አልቀሰቀሰም” አለኝ።

4. ስለ ኩራትዎ አመሰግናለሁ፤ ያለ እርሱ አንዳች ባልሆነልኝ። ፓርቲዎ የከተማውን ግማሽ ለኮርማክ እንዲለቁለት፣ እዚያ ያሉት ታማኞችዎ አንደኛ እርሱን እንዲጽፉ ሲለምንዎ፣ “ከእኔ ቁጥር አንድ አንዲት አላካፍልም” ብለው እንደመለሱ ሰምቻለሁ። ኮርማክም ደብሊን ተቀምጦ አንድ በር ሳያንኳኳ ፖስተር ላይ ፈገግ ማለቱ ትልቅ ውለታ ነው።

ከቀትር በኋላ ስምንት መቶ አርባው ትርፍዎ ተከፋፈለ። ሰባው ለሌሎች፣ ሁለት መቶ አሥሩ ለኮርማክ፣ አምስት መቶ ስድሳው ለእኔ። የመጨረሻዋን ወንበር፣ ከዚህ በፊት የፓርቲዎ የነበረችውን፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ የሚሞላ ሌላ ሰው ስላልቀረ፣ በብልጫ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ለአንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ወሰድሁ። በምክር ቤቱ አምስት ለስድስት ሲሸነፍ የኖረው ድልድይ ከዛሬ ጀምሮ ስድስት ለአምስት ያሸንፋል። አዳራሹ ውስጥ እጅዎን ጨበጥሁ፤ ቀዝቅዞ ነበር። ከአሁን በኋላ ጎን ለጎን ስለምንቀመጥ በየወሩ እየጨበጥሁ አሞቀዋለሁ።

ታማኞችዎን አንድም ሳልነካብዎ፣ ከማዕድዎ በተረፈው የጠገብሁ፣
የዘወትር አክባሪዎ
ፊንታን ሎክናን፣ ሚስማር ሻጭ

ማሳሰቢያ፦ የሰንሰለቱ ቁልፍ ከጠፋብዎ ለመፈለግ አይድከሙ፤ ሱቄ ውስጥ ብረት መቁረጫ አለ። ወይዘሮ ዴልያም ሰላምታ ልከውልዎታል። የአባትዎ ፎቶግራፍ ከግድግዳው እንደማይወርድ ንገርልኝ ብለዋል። የእርስዎን ለመስቀል ግን አንድም ቀን አስበው እንደማያውቁ አክለዋል።

ነገ፦ ሦስት ሰዓት ላይ ሜትር ይዞ ሄዶ የድልድዩን ጣውላ መለካት። ከዚያ ዞሮ ወይዘሮ ዴልያን በመኪና ወደ መቃብሩ ማምጣት።