ኮዱን ራሱ ያውጣው

ቦራም እህቴ፣

ጫማሽን ሳታወልቂ አንብቢው። የልብስ ሱቅሽ ገጽ ውስጥ ሰው ገብቷል።

በየጠዋቱ ልብሶቹን ገጹ ላይ የሚለጥፍልሽ፣ እኔ የጻፍኩልሽ ትንሽ ፕሮግራም ለመግባት ስልክሽ ላይ የሚወጣውን ኮድ ሲፈልግ «ሃኡል፣ አታሰልቺኝ፣ ራሱ ያውጣው» አልሽኝ። ስለዚህ ኮዱን የሚያመነጨውን ሚስጥራዊ ቁልፍ ከፓስወርዱ ጎን ጻፍኩለት። ትናንት ሲበላሽብኝ፣ ፕሮግራመሮች እንዲያዩልኝ ብዬ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት። የእኔም ገጽ ቁልፍ እዚያው ውስጥ ነበር።



ፓስወርዱን ቀይሪ። የገባውን ሁሉ አስወጪ። አዲስ ቁልፍ አውጪ።
የጎመን ኪምቺው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ ብዪ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጃለሁ። ከእኔ ገጽ ኮድ የሚጠይቅ መልእክት ከደረሰሽ እንዳትመልሺ። «ይቅርታ እህቴ» ብሎ ከጀመረ፣ እኔ እንዳልሆንኩ እወቂ።

እኔ ይቅርታ ማለት እንደማልችልበት ታውቂያለሽ።

ሃኡል