ከዘሀራ ራስ በላይ ያለው መብራት

ሰኞ

ዘሀራ ጣቷን ቆረጠች። ሽንኩርት ስትከትፍ። ማድ ቤቱ ጨልሞ ቢላውና ጣቴ አይለዩልኝም አለች። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ ናት፣ በከንቱ አታማርርም። ነገ መብራት እንገዛለን አልኳት።

ይህን የምትጽፈው የጓሮውን ክፍል የተከራየችው ሂሩት ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ትዝታዬ መሹለክ ስለጀመረ ቀኔን በጽሑፍ ላስይዘው ብዬ ነው። እንደምለው ጻፊ፣ አታሳምሪ ብያታለሁ። ሠላሳ ዓመት አሰብና ጅቡቲ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ማሳመሪያ አይሻም።

ማክሰኞ

በነፋስና በአቧራ ከዘሀራ ጋር ሱቅ ሄድን። ሻጯ ከላይ እስከ ታች መብራት ሰቅላለች። ነጭ ነው ቢጫ? የሚንጠለጠል ነው ኮርኒሱ ላይ የሚለጠፍ? ዓይኔ ፈዘዘ።

እኔ በሰንሰለት የሚንጠለጠለውን፣ ሦስት አምፖል ያለውን ወደድኩ። ቤት ያስከብራል። ሻጯ እሱ የሳሎን ነው፣ ማድ ቤት ከገባ ቅባት ይጠጣል፣ ማን ሊወለውለው ነው አለች። ዘሀራ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተችና ሁለቱም ሳቁ። ጠፍጣፋውን ክብ ነጭ መረጠች፤ ምስር ለመልቀም እሱ ይሻላል አለች። አሸነፉኝ።

እኔው ሰቀልኩት። ሠራተኛ አላስገባም። የዚህን ቤት ሽቦ ከቆጣሪው ጀምሮ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ሲበራ ዘሀራ እጇን እያገላበጠች አየች። ደስ አለኝ።

ረቡዕ

መብራቱ ይርገበገባል። የኤሌክትሪክ ምድጃውን ስትከፍት ይደበዝዛል፣ ስትዘጋ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ሞተ። ሻጯ ቀየረችልኝ፤ ግን ከዚህ ዓይነት ተመልሶ የመጣብኝ የእርስዎ ብቻ ነው አባባ አለች። ነገሯ አልጣመኝም።

ማታ ዘሀራ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል አለች። ሽንኩርት አርሮብሽ ነው አልኳት። ዛሬ ሽንኩርት አልነካሁም አለች።

ሐሙስ

ሁለተኛውም ሞተ። ኮርኒሱ ላይ፣ ከመብራቱ ጎን፣ መዳፍ የሚያህል ቡኒ ነገር ወጥቷል። ጣሪያው አፍስሶ ነው አልኩ። በጥር የምን ዝናብ? አለች።

ሳትነግረኝ ጫልቱን ጠራቻት። ጫልቱ የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ ኤሌክትሪክ ተምራ በሙያው ትሠራለች። አካም ጅርቱ አባ ሙሄ ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታኝ በሥርዓት ገባች። ወደ ላይ አየች፣ ምድጃውን አየች። ሁለቱም በአንድ ሽቦ ነው ወይ የሚሄዱት አለች። አዎ፣ ምን ይሁን? አልኳት። ፊውዙን ያሳዩኝ አለች።

ኮርቼ አሳየኋት። ዱሮ በየሳምንቱ እየተቃጠለ ያስቸግረን ነበር። በረሃ ላይ የመኪና ፊውዝ ሲቃጠል ሱቅ የለም፤ የመዳብ ሽቦ ጠቅልለህ በቦታው ታስገባና ትነዳለህ። እዚህም እንደዚያ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተቃጥሎ አያውቅም።

ጫልቱ፣ «አባ ሙሄ፣ ፊውዝ እኮ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው» አለች።

ኮርኒሱ ሳይከፈት ሌላ መብራት አልሰቅልም አለች። አንቺ ሳትወለጂ ሞተር የፈታሁ ሰው ነኝ፣ ሂጂ አልኳት። ሄደች።

ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ ዘሀራ በረንዳ ላይ በከሰል ትሠራለች። በዚያ ነፋስ፣ አቧራው ድስት ውስጥ እየገባ። ጎረቤት ምን ይላል፣ ግቢ አልኳት።

«አንተ ግባ» አለችኝ። «እኔ የምቆምበት ቁምና እየው።»

ገባሁ። እልህ ይዞኝ ምድጃውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ ከኮርኒሱ ውስጥ ድምፅ መጣ። ጭርር የሚል፣ ቀጭን። መኪና ውስጥ ብሰማው ኖሮ አቁሜ ዘልዬ እወርድ ነበር። እዚህ ግን ከራሴ በላይ እየሰማሁ ተገትሬ ቀረሁ።

ምድጃውን ዘጋሁ። ከቆጣሪው አጠፋሁ። በእግሬ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። ምን እንዳልኳት አትጻፊ።

ቅዳሜ

ጠዋት ጫልቱ ኮርኒሱን ከፈተች። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። የቋጠርኩት ቋጠሮ፣ የጠቀለልኩት ናስትሮ እንደ ሬንጅ ቀልጧል። ከመኪና የተረፈ ሽቦ ነበር፣ ጠንካራ ነው ብዬ። ያረፈበት እንጨት ከሰል ሆኗል፤ ጫልቱ በጣቷ ስትነካው ተፈረፈረ። ልክ ዘሀራ ከምትቆምበት በላይ። ዘሀራ አይታው የተፈረፈረውን ልትጠርግ መጥረጊያ አመጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጫልቱ ሌላ ቦታ እንዲህ የሠሩት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም ልል አፌን ስከፍት ልጄ ሰሚራ ትዝ አለችኝ። ወለንጪቲ ነው ቤቷ። ስታገባ የቤቷን ሽቦ ስጦታዬ ነው ብዬ የዘረጋሁላት እኔ ነኝ። ያው ሽቦ፣ ያው ፊውዝ። ሦስት ልጆች ወልዳበታለች።

ደወልኩ፣ አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። በአራተኛው አነሳች። ምሳ እየሠራሁ ነው አባዬ አለች። ምድጃውን ዝጊ፣ ከቆጣሪውም አጥፊ አልኳት። ለምን? አለች። እኔ ያበላሸሁት ነገር አለ አልኩ። ይህን ቃል ለልጆቼ ተናግሬ አላውቅም።

አጥፍታ ወደ ስልኩ ተመለሰች። ጫልቱ ከጎኔ ሆና ከማብሪያ ማጥፊያው በላይ ግድግዳውን በእጇ ትንካው በሏት አለች። አልኳት። ሄዳ ነካችው።

«ይሞቃል አባዬ» አለች።

ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፣ ግድግዳው ውስጥ እሳት ሊኖር ይችላል፣ እስክንደርስ እግርሽ እንዳይገባ አልኳት። ጫልቱ መሰላሏን መኪና ላይ እያስጫነች ነው። ዘሀራ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ሂሩት፣ ይበቃል፣ ልሂድ።