ሪባኑ ሳይቆረጥ

ለእህቴ ለወለላ፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከባድ ያሸክሙሻል? እኛ ብርዱና ጉንፋኑ ሳይቆጠር፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ኔትወርክ ከጠፋ ስለሰነበተ ድምፃችንን አጥተሽ እንዳትሰጊ ብዬ ይህን ወደ ጅዳ በሚመለሰው በጎረቤታችን በእንዳላማው እጅ ልኬልሻለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ልጅሽ ነው። ትሕትና ጤናዋ ደህና ነው፤ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ምንም አልቀረው። በላክሽላት ስልክ ላይ አውራ ጣቷ ሲሮጥ ዓይኔ አይደርስበትም። እኔ የኮምፒውተር መምህሯ ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ማውስ እሥላለሁ። ድንች ነው የሚመስለው። እሷና ጓደኞቿ እንዳላፍር ብለው ሳቃቸውን ይውጡታል።

ኮምፒውተር ጠፍቶ እንዳይመስልሽ። በጥቅምት አዳዲስ መጥተውልናል፤ ላስቲካቸው ሳይገለጥ መጋዘን ተቆልፎባቸዋል እንጂ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ እንግዶች መጥተው ሪባን ሳይቆርጡ ዕቃው አይነካም ይላሉ። እንግዶቹም መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ቀጠሮው እየተላለፈ ሳይመጡ ቀሩ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ቁልፉን ስጡኝ ብዬ ስለምን ከንፈሬ ደረቀ።

ዘንድሮ ልጆቻችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና የሚፈተኑት በኮምፒውተር ነው። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ ማርቆስ ወሰድናቸው። ስልክ ይዘው ያደጉ ልጆች ምን ይቸግራቸዋል ብለን ነበር። ትሕትና የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብባ መልሱን አወቀችው፤ እንደ ስልኳ መስታወቱን በጣቷ ነካችው። ዝም አላት። ደግማ ጫን አለችው። ማውሱ እጇ ሥር ተቀምጧል፤ ሰሌዳ ላይ የሣልኩት ድንች እሱ መሆኑን በምን ትወቅ? ከከተማ ልጆች መሃል እጅ አውጥቶ መጠየቁን አፈረችው። ሰዓቱ አለቀና እያወቀች ባዶውን ትታ ወጣች። ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ እንደሷ ነበሩ። ፈታኙ ከየስክሪኑ ላይ የጣታቸውን አሻራ በሶፍት ሲጠርግ አየሁት።

 ቤት ስንገባ ጋሼ፣ ለእማዬ እንዳትነግርብኝ አለችኝ። ካለፍሽ አገሬ እገባለሁ ብለሻታል፤ ከወደቅኩ እናቴ እዚያው ትቀራለች ብላ ፈርታለች።

እታለም፣ ደክሞኛል። ማስተማሩ አይደለም ያደከመኝ፣ ቁልፍ መለመኑ ነው። ሁሉ ሰላም ነው ብዬ ልጽፍልሽም ተቀምጬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈተናው ሐምሌ ሲገባ ነው። ስለዚህ ነገ ከሰልፍ በፊት የመጋዘኑን ጓጉንቸር እሰብረዋለሁ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢውን ቄስ ገብረ ኪዳንን አማከርኳቸው። ይገሥጹኛል ስል መዶሻ እኔ ቤት አለ አሉኝ። መብራት ባይኖር እንኳ እጃቸው ማውሱን ይልመደው። ከሥራ ታገደ ሲሉ ብትሰሚ አትደንግጪ፤ ቢያንስ እንቅልፍ እጠግባለሁ።

እናታችን ጉልበቷን ቢያማትም ስምሽን ሳትጠራ አትውልም፤ ብርድ እንዳይመታሽ ብላለች፣ ጅዳ ብርድ የለም ብላት አታምነኝም። ባለቤቴ የኔአለም ናፍቀሽኛል ትልሻለች። ትንሿ ልጃችን ሂዊ የማታውቂያትን ጥርስ አብቅላ ትስምሻለች። አብራሽ ለምትኖረው ለሕሊናም ሰላም በያት።

የትሕትና ሰላምታ የለበትም፤ መጻፌን አታውቅም። ኔትወርክ ተመልሶ ስትደውይላት ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚላት። ብቻ ከቻልሽ፣ ብታልፊም ባታልፊም እገባለሁ በያት።

ወንድምሽ አንሙት
ደንገዛ ሚካኤል፣ ከሮብ ገበያ ወዲህ
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.