ከእጄ የጠጣው

ጥቅምት 8
ዛሬ ሦስት ጀሪካን አረቄ ወጣልኝ። የባሌ የኃይለየሱስ ሸሚዝ አንገቱ ላይ አልቆለፍ አለ። ቁልፉን ወደ ዳር ወስጄ ሰፋሁለት። ባለፈው ወርም ሰፍቼ ነበር… ክንዱ እኮ እየከሳ ነው። ጠጪዎቹ ግን «ባልሽ ተመችቶታል» ይሉኛል።

ጥቅምት 21
በጀርባው መተኛት አቃተው፤ ያፍነዋል። ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው፣ በሁለቱም በኩል አብጧል። ስነካው ለስላሳ ነው። ሀሚዳ ከጎረቤት መጥታ አየችው። «አቦ እንቅርት ነው፣ ሐኪም ይየው» አለች።

ኅዳር 3
እዚሁ ጭሮ ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተር ሶፊያ ደጋግማ ዳሰሰችው። እንቅርት አይደለም፤ ካንሰርም አይደለም። ስብ ነው አለች። ብዙ ዓመት በጠጡ ሰዎች ላይ የሚወጣ፣ እምብዛም የማይታይ በሽታ።
«ምንድን ነው የሚጠጡት?»
«አረቄ።»
«ከየት?»
ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። «ካገኘሁበት» አላት።
አሥራ ስድስት ዓመት ከኔ እጅ ነው የጠጣው። አዲስ በወጣ ቁጥር «ቅመስልኝ» የምለው እኔ… ለምን የኔን ስም ደበቀ?

ኅዳር 4
ጥንስሱን ደፋሁት። ጠጪዎቹ ሲያንኳኩ አልከፈትኩም።

ኅዳር 9
መጠጡን ሲተው እንዲያግዘው መድኃኒት ተሰጥቶታል። እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። «አንዲት መለኪያ፣ ዓለምዬ…» ቤቱን ሦስቴ አጠብኩ። ሽታው አልለቀቀም። ወይስ ከኔ ነው?

ጥር 12
ሐረር ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሁሉንም ማውጣት አልተቻለም። ትንፋሹ ግን ተከፈተ። ከጠጣ ይመለሳል አሉን። በጀርባው ተኝቶ አየሁት።

የካቲት 2
የሰው ፊት ማየት ትቻለሁ። አንገት ነው የማየው። ገበያ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን… ለስንቱ ቀዳሁ?

የካቲት 16
መናኸሪያ አምባሻ ስሸጥ ተስፋዓለም መጣ። ጫኝ ነው፤ ሰባት ዓመት ደንበኛዬ ነበር። ቶሎ አንገቱን አየሁ። ደህና ነው። ተመስገን ልል ስል ዓይኑን አየሁት… ቢጫ።
«እትዬ ዓለምሸት፣ ምነው ጠፉብን?»
«ባሌ ታሞብኝ ነው። አረቄው ነው ያሳመመው። የኔ አረቄ።»
ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ተወው።
አምባሻውን አብራኝ ለነበረችው ለሀሚዳ ትቼ ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። ወረፋ ስንጠብቅ፣ «ከደንበኞቼ አንተ ብቻ ነህ የታመምከው?» አልኩት።
ጣቱን እያጠፈ ስም ይጠራልኝ ጀመር። አንዱ እጁ አልቆ ወደ ሌላው ተሻገረ። አላስቆምኩትም።